የአባያ የአምባች ታንኳና ያልታሰበላት ገመድ

ከሶዶ ተነስቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ ሁምቦን ካለፈ በኋላ በስተግራው አባያን ያገኛል። አባያ በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ሰፊው ነው፤ 1,160 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል፤ ጥልቅ ነው የሚባለው ቦታው ግን ከ13 ሜትር ብዙም አያልፍም። ውሃው ቀይ ቡናማ የሆነው ብላቴ የተባለው ወንዝና ሌሎቹ ገባሮች ከደጋው የታጠበውን አፈር ስለሚያራግፉበት ነው። (በሁምቦ ተራሮች 2,728 ሄክታር የተራቆተ መሬት ከአሮጌ ጉቶዎቹ መልሶ እንዲያቆጠቁጥ መደረጉ ለሐይቁም የተዋለ ውለታ ነው፤ ይህ ሲነገር ብዙ አይሰማም።) ስለ አባያ የሚወራው ስለ አዞው፣ ስለ ጉማሬው፣ ስለ ዓሣው ነው። የጊዲቾ ደሴት ሰዎች ውሃውን ሲሻገሩበት የኖሩት፣ ዓሣ አጥማጁም የሚተማመንበት የአምባች ታንኳ ግን፣ ስሙ ቢነሳ እንኳ የድህነት ምልክት ሆኖ ነው የሚነሳው። እኔ የምከራከረው ተቃራኒውን ነው። ይህ ታንኳ በሚገባ የታሰበበት የምህንድስና ሥራ ነው፤ ሞዴሉን ወይም አምሳያውን ለመሥራት የተነሱ ሰዎች የገጠማቸው ውድቀትም የሚመሰክረው ይህንኑ ነው።

አምባች በሐይቅ ዳር ረግረግና ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ የሚበቅል፣ ከአተርና ከባቄላ ወገን የሆነ፣ ግንዱ እሾኻም፣ አበባው ወደ ብርቱካናማ የሚያደላ ቢጫ የሆነ ዛፍ ነው። ግንዱን ከሩቅ ያየ ሰው ለቤት ማገር የሚሆን እንጨት ይመስለዋል፤ ሲያነሳው ግን እጁን ያታልለዋል፣ በዓለም ካሉት ቀላል እንጨቶች አንዱ ነውና። ግንዶቹ ተቆርጠው ይደርቃሉ፣ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፣ በገመድ ይጠፈራሉ፣ የፊት ጫፋቸው ይሰበሰባል። አሠራሩ በአጭሩ ይኸው ነው። በኬንያ የባሪንጎ ሐይቅ ዳርቻ ሰዎችና በነጭ ዓባይ ዳር የሚኖሩት ሺሉኮችም ከዚሁ እንጨት ታንኳ ይሠራሉ።

ስለዚህ ታንኳ ከሚባሉት ነገሮች ሁሉ እጅግ የተሳሳተው «ውሃ ያስገባል» የሚለው ነው። አዎ፣ ያስገባል፤ እንዲያስገባ ሆኖ ነው የተሠራው። ከሳንቃ የተሠራ ጀልባ የሚንሳፈፈው ሆዱ ውስጥ ባለው አየር ነው። ሳንቃው አንድ ቦታ ከተበሳ አየሩ ቦታውን ለውሃ ይለቃል፣ ጀልባውም ይሰጥማል። የአምባች ታንኳ ግን ሆድ የለውም። እያንዳንዱ ግንድ በራሱ ተንሳፋፊ ነው፤ ውሃው በግንዶቹ መካከል ይወጣል፣ በዚያው ተመልሶ ይወርዳል። ተቀማጩ እግሩ ይረጥባል እንጂ ታንኳው አይሞላም፤ የማይሞላ ነገር ደግሞ የሚቀዳ ውሃ የለውም። ድንጋይ ቢመታው፣ ጉማሬ ቢገፋው፣ አንድ ግንድ ከእስሩ ቢወልቅ፣ የቀሩት ሰውየውን ተሸክመው ዳር ያደርሳሉ። በሳንቃ ጀልባ መመዘኛ ለክቶ ይህን «ያፈስሳል» ማለት የሥራውን ዓይነት አለመለየት ነው።

እውነተኛው ጠላቱ ቀዳዳ ሳይሆን ጊዜ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ደረቅ እንጨት 200 ኪሎ ይመዝናል እንበል። ያን ያህል ቦታ የሚይዘው ውሃ 1,000 ኪሎ ስለሆነ እንጨቱ ሳይሰጥም 800 ኪሎ ይሸከማል። ያው እንጨት ሐይቅ ላይ ውሎ እያደረ 300 ኪሎ ውሃ ቢጠጣ ግን የመሸከም ኃይሉ 500 ላይ ይወርዳል። በመልኩ አንዳች የተለወጠ ነገር የለም፤ ርዝመቱ ያው፣ እስሩም ያው ነው። አደጋው እዚህ ላይ ነው። ታንኳውን ከሥራ በኋላ ወደ ዳር ጎትቶ ፀሐይ ላይ ማስጣት ታንኳውን በየዕለቱ እንደገና መሥራት ነው። የጣና ሰዎችም የደንገል ታንኳቸውን እንዲሁ ያሰጣሉ። ከስንፍና የተነሳ ታንኳውን ውሃ ላይ አስረው የሚያሳድሩ፣ ከዚያም «ትናንት ሦስት ሰው ችሎ ነበር» ብለው ዛሬም ሦስት ሰው የሚጭኑ ሰዎች ሊወቀሱ ይገባል። የትናንቱና የዛሬው ታንኳ አንድ አይደለም።

ወደ ሞዴል ሥራ ስንመጣ ነገሩ የበለጠ ይጠራል። የእንጨት የመርከብ ሞዴል የሚሠሩ ሰዎች የሚደርስባቸው ውድቀት በአብዛኛው የታወቀ ነው። ሳንቃውን ሳያርሱ ሊያጥፉት ሲሞክሩ ይሰነጠቃል፤ አንዱን ጎን ጨርሰው ወደ ሌላው ሲዞሩ የመርከቡ አከርካሪ ይጣመማል፣ ስለዚህ ግራና ቀኙን እያፈራረቁ መልበድ አለባቸው። እነዚህ በትዕግሥት የሚታረሙ ናቸው። በትዕግሥት የማይታረመው የመጠን ጉዳይ ነው። የአንድን ባለ ሸራ መርከብ ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ በ10 ብናካፍል የሸራው ስፋት 100 ጊዜ፣ ክብደቱ ግን 1,000 ጊዜ ይቀንሳል። ነፋሱ ሞዴሉን ለመገልበጥ የሚያሳድረው ጉልበት በ1,000 ሲቀንስ፣ ሞዴሉን ቀጥ አድርጎ የሚመልሰው የክብደቱ ጉልበት በ10,000 ይቀንሳል። ስለዚህ በትክክል ተለክቶ የተሠራ ሞዴል በተመሳሳይ ነፋስ ከእናቱ መርከብ አሥር እጥፍ ለመገልበጥ የቀረበ ነው። ውሃ ላይ የሚሄዱ ባለ ሸራ ሞዴሎች ከሥር የእርሳስ ክብደት የሚንጠለጠልላቸው ለዚህ ነው። የአምባች ታንኳ ሞዴልም የራሱ ፈተና አለው፤ ግንዶቹ ወደ አንድ አሥረኛ ሲቀጥኑ ለውሃ የሚጋለጠው ገጻቸው ከይዘታቸው አንጻር አሥር እጥፍ ስለሚበዛ ከትልቁ ይልቅ ቶሎ ይጠግባሉ። ትልቁ ታንኳ መጥፎ ስለሆነ አይደለም ትንሹ የሚሰጥመው፤ ትንሹ ሌላ ነገር ስለሆነ ነው።

ከዚህ ሁሉ የከፋው ውድቀት ግን ሠሪው ያልገባውን ነገር እንደ ጌጥ ቆጥሮ ሲያስቀረው የሚመጣ ነው። የዚህ ትልቁ ምስክር ከአገራችን ደንገል የተሠራው ራ የተባለው መርከብ ነው። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብፃውያን በደንገል መርከብ ውቅያኖስ ሊያቋርጡ ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ከጣና ሐይቅ 12 ቶን ደንገል አስቆርጦ ወደ ግብፅ አስወሰደ። በጊዛ ፒራሚዶች ግርጌ፣ ከቻድ ሐይቅ የመጡ ታንኳ ሠሪዎች በመቃብር ግድግዳዎች ላይ ያሉትን ሥዕሎች እያዩ 15 ሜትር የሚረዝም መርከብ ሠሩ። የቻዶቹ ታንኳ የፊት አፍንጫው ቀና ያለ፣ የኋላው ግን ዝቅ ያለ ነበር፤ የግብፆቹ ሥዕል ግን የኋላ ጅራቱ ወደ ላይ ወጥቶ ወደ ውስጥ የታጠፈ ነው። ሠሪዎቹ ጅራቱን ቀጠሉበት። በሥዕሎቹ ላይ ከታጠፈው የጅራት ጫፍ ወደ መርከቡ ወለል የምትወርድ አንዲት ገመድም ነበረች። የዚያች ገመድ ሥራ ጅራቱ እንደታጠፈ እንዲቆይ መያዝ ብቻ መሰላቸው። ጅራቱ ያለ እርሷም ታጥፎ ስለቆመ አስቀሯት።

መርከቡ እ.ኤ.አ. በ1969 ግንቦት ወር ላይ ሳፊ ከተባለችው የሞሮኮ ወደብ ሰባት ሰዎችን ይዞ ወጣ። ገና በመጀመሪያው ቀን መሪ መቅዘፊያዎቹ ተሰበሩ። ብዙ አዋቂዎች በባሕር ውሃ ውስጥ ሁለት ሳምንት አይቆይም ያሉት ደንገል ግን ሳምንታት አለፉበት፣ እንደያዘ ቀጠለ። መበላሸት የጀመረው ከጅራቱ ነው። የኋላው ወለል ቀስ በቀስ እየወረደ ማዕበል ይወጣበት ጀመር፤ ከዚያ በኋላ ነው የገመዷ ሥራ የተገለጠው። ጥጥ የሚነደፍበትን ደጋን ያየ ሰው ወዲያው ይገባዋል፤ ጅማቱ እንጨቱን እንደሚወጥረው፣ የታጠፈው ጅራትም በገመዷ በኩል የኋላውን ወለል ወደ ላይ ይስብ ነበር። ጅራቱ ጌጥ ሳይሆን ማዕበል ባለፈ ቁጥር ጎንበስ ቀና እያለ ወለሉን የሚያነሳ ስፕሪንግ ነበር። ገመዷ ከተተወች በኋላ ግን ጅራቱ ራሱ በወለሉ ላይ የሚጫን ሸክም ሆነ። ሰዎቹ 5,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው፣ ከአትላንቲክ ማዶ ያለችው ባርባዶስ ለመድረስ የአንድ ሳምንት መንገድ ያህል ሲቀራቸው ሐምሌ ውስጥ መርከቡን ለቀቁት።

እዚህ ላይ የሚነሳ ብርቱ ተቃውሞ አለ። «ጥፋቱ የደንገሉ እንጂ የገመዷ እንዳልሆነ በምን ታወቀ?» ይባላል። መልሱ በሚቀጥለው ዓመት መጣ። ራ ሁለት እ.ኤ.አ. በ1970 በሳፊ ተሠራ፤ ሠሪዎቹ ከቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ የመጡ አይማራዎች ነበሩ፤ ደንገሉ ግን እንደገና የኢትዮጵያ ነበር። ከግንቦት 17 እስከ ሐምሌ 12 ባሉት 57 ቀናት አትላንቲክን አቋርጦ ባርባዶስ ገባ (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያው ደንገል፣ ያው መነሻ ወደብ፣ ያው ባሕር ነው፤ ስለዚህ በደንገሉ ላይ የቀረበው ክስ ወድቋል። በሌላ በኩል ድሉን ሁሉ ለገመዷ መስጠትም አግባብ አይደለም። ሁለተኛው መርከብ በሦስት ሜትር ያጠረ ነበር፤ አይማራዎቹም ሁለት ወፋፍራም ጥቅሎችን በመካከላቸው ካለች ቀጭን ጥቅል ጋር ሳይቋረጥ በሚዞር ገመድ አጥብቀው ነበር ያሰሩት። ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ተለውጧል። ሆኖም የመጀመሪያው መርከብ ውድቀት ከየት እንደጀመረ ስለታየ፣ ጅራቱ ላይ የቀረችው ገመድ ዋነኛዋ ተጠያቂ መሆኗን የሚያስተባብል ማስረጃ አላገኘሁም።

ሌላው ተቃውሞ ቅርብና ተግባራዊ ነው፤ «ዘመኑ የሞተር ጀልባ ነው፣ አምባች ለምን?» የሚል። ሞተር ለመሸከም፣ ብዙ ጭነት ለማጓጓዝ፣ በአባያ ላይ ድንገት የሚነሳውን ነፋስ ተቋቁሞ በፍጥነት ዳር ለመድረስ የፋይበርና የብረት ጀልባ ይበልጣል፤ ይህን መካድ አይቻልም። ቀይ ቡናማው ውሃ አዞን ይደብቃል፣ ዝቅ ብሎ የሚቀመጥ ቀዛፊም ለአዞ ቅርብ ነው። ነገር ግን አንድ ሰው መረብ ዘርግቶ ለመመለስ ነዳጅ የማይጠይቅ፣ ከሐይቁ ዳር የሚበቅል፣ ሲያረጅ እዚያው የሚበሰብስ ታንኳ ከፈለገ፣ የሚያስፈልገውን በትክክል የሚያሟላለት አምባቹ ነው። ዕቃ በተሰጠው ሥራ ሊመዘን ይገባል። የዛፉ መመናመን ግን እውነተኛ ሥጋት ነው፤ የሐይቁ ዳርቻ ለእርሻ በተጠጋ መጠን ረግረጉም አምባቹም ይጠፋል። ስለዚህ ታንኳውን እወዳለሁ የሚል ሰው መጀመሪያ ሊጠብቅ የሚገባው ረግረጉን ነው።

የአምባችና የደንገል ታንኳዎች ለሞዴል የሚበቁ አይደሉም የሚል ካለ ደግሞ የጥንታዊውን ግብፃዊ ባለጸጋ የሜኬትሬን መቃብር ያስታውስ። በግብፅ ሉክሶር አጠገብ ባለው በዚህ መቃብር ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1920 4,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠሩ የእንጨት ሞዴሎች ተገኙ። ከእነርሱ መካከል ሁለት የደንገል ታንኳዎች ዓሣ የሞላበትን መረብ በመካከላቸው ሲጎትቱ የሚያሳይ አለ። የዚያ ዘመን ባለጸጋ ለዘላለም ቤቱ ከመረጣቸው ነገሮች አንዱ የዓሣ አጥማጅ ታንኳ ነበር። እኛ ዘንድ ለስጦታ ተብለው የሚሸጡት ትንንሽ ታንኳዎች ግን ብዙ ጊዜ ጫፋቸው ተቆርጦ ተስተካክሎ፣ ያልነበራቸው ሸራ ተሰቅሎባቸው ነው የሚቀርቡት። በዚህ አዝናለሁ። ለስላሳ የደንገል ጥቅል አንድ ምሰሶን አጥብቆ የሚይዝበት ጠንካራ እግር የለውም፤ የጥንት ግብፃውያን ሸራቸውን ባለ ሁለት እግር ምሰሶ ላይ የሰቀሉት ክብደቱን በሁለቱ ጎኖች ላይ ለማከፋፈል ነበር። በአንድ ችካል ላይ ሸራ ሰቅሎ ታንኳ ላይ መትከል ከታንኳውም ከሸራውም ትምህርት የሚወስድ አይደለም።

ለወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ፣ ለወላይታ ዞን ባህልና ቱሪዝም እና ለሁምቦና ለአበላ አባያ ትምህርት ቤቶች የማቀርበው ጥያቄ ቀላል ነው። ሥራውን ከሚያውቁ የሐይቁ ሰዎች አንድ ሙሉ ታንኳ ይሠራ፤ ሲሠራ የእያንዳንዱ ግንድ ርዝመት፣ የእያንዳንዱ እስር ቦታና ምክንያት ይጻፍ፤ ሠሪውም እንደ መምህር ይከፈለው። ሞዴል ለመሥራት ለሚነሱ ተማሪዎችም አንድ ምክር አለኝ። ቫርኒሽ አትቀቡ፤ ቫርኒሹ እንጨቱ ውሃ የሚጠጣበትን መንገድ ይዘጋና ትምህርቱን ይሰውርባችኋል። ሞዴሉን ደረቅ ሳለ መዝኑት፣ ገንዳ ውስጥ ለሳምንት አንሳፍፉት፣ በየጠዋቱ አውጥታችሁ ክብደቱን መዝግቡ፤ ከዚያ ፀሐይ ላይ አስጡትና ወደ መጀመሪያው ክብደቱ ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅበት ቁጠሩ።