ፒካፕ መኪናን ከፍ ማድረግ፦ መግጠሙ የሥራው ግማሽ ነው

መግቢያ

በባሌ ደጋ እርሻ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው። አንደኛው በበልጉ ዝናብ የሚዘራው "ጋና" ሲሆን ሁለተኛው በክረምቱ ዝናብ የሚዘራው "ቦና" ነው። ሁለት የእርሻ ወቅት አለ ማለት ደግሞ ለአሽከርካሪ ሁለት የጭቃ ወቅት አለ ማለት ነው። በገሰራ፣ በሲናናና በአጋርፋ ሜዳዎች ላይ የሚገኘው ጥቁር መሬት፣ ማለትም በአማርኛ ዋልካ በኦሮምኛ ኮቲቻ የምንለው፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ሲረጥብ ያብጥና ጎማ ላይ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ትራክተርና የጭነት መኪና ሲመላለስበት በግራና በቀኝ ጥልቅ ቦይ ይቀራል፣ መሃሉም እንደ በሬ ጀርባ ጎብጦ ይቆማል። ከኋላ የሚመጣ ፒካፕ ጎማው ቦዩ ውስጥ ይገባና ሆዱ ጉብታው ላይ ይቀመጣል። ከዚያ ወዲያ አራቱም ጎማ ቢሽከረከር ጥቅም የለውም።

ባለንብረቱ በዚህ ሲማረር ወደ ጋራዥ ሄዶ "አምስት አሥር ሳንቲም ከፍ አርግልኝ" ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከፍታ የተጨመረለት መኪና ከመሪው፣ ከፍሬኑና ከመብራቱ ጋር እንደገና ካልተስማማ ጭቃ ላይ ያተረፈውን ቁልቁለት ላይ ይከስራል። በዚህ ጽሑፍ ከፍታው እንዴት እንደሚጨመር፣ በተለይም ከተጨመረ በኋላ ምን ምን መስተካከል እንዳለበት ለማየት እንሞክራለን።

ከፍ የሚለው ምኑ ነው?

በመጀመሪያ አንድ የተለመደ ስህተት እናርም። ሞላ ወይም ባሌስትራ ሲቀየር ከፍ የሚለው ከሞላው በላይ ያለው ክፍል ነው። እሱም ሻንሲው፣ ጋቢናው፣ ካሶኒውና ሞተሩ ነው። የኋላው ዲፈረንሻል ግን ከጎማው ጋር በአንድ አክስል ላይ ስላለ ከነበረበት አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይነሳም። ዲፈረንሻሉን ከመሬት የሚያርቀው የጎማው ቁመት ብቻ ነው።

ይህንን በቁጥር እንየው። 265/70 አር 16 የሚባለው ጎማ ዲያሜትሩ 777 ሚ.ሜ አካባቢ ነው። በ265/75 አር 16 ቢቀየር ዲያሜትሩ 804 ሚ.ሜ አካባቢ ይሆናል። ልዩነቱ 27 ሚ.ሜ ቢሆንም አክስሉ የሚነሳው በግማሹ ማለትም በ13 ሚ.ሜ ገደማ ነው። የፍጥነት ቆጣሪውም በ3.4 ከመቶ ያህል ዝቅ አድርጎ ማንበብ ይጀምራል፤ ቀድሞ በትክክል ያነብ የነበረ ቆጣሪ 80 ሲል መኪናው 83 ገደማ ይሄዳል ማለት ነው።

ታዲያ ሞላ መቀየር ምን ያደርጋል? ሻንሲውና የሞተሩ ሆድ ከጉብታው ይርቃሉ፣ ፓራውልቱ ቦይ ሲሻገር አይመታም፣ ለትልቅ ጎማም ከፓራፋንጎው ስር ቦታ ይገኛል። እንግዲህ ባለንብረቱ "የሚመታው የቱ ነው?" ተብሎ መጠየቅ አለበት። የሚመታው ዲፈረንሻሉ ከሆነ መልሱ ጎማ ነው። ሻንሲው ከሆነ መልሱ ሞላ ነው። ጨርሶ የማይመታና ዝም ብሎ የሚንሸራተት ከሆነ ግን ችግሩ የከፍታ ሳይሆን የጎማ ጥርስ ነው። ለዋልካ ጭቃ ጥርሱ ያልተበላ የጭቃ ጎማና ሰንሰለት ከማንኛውም ከፍታ ይበልጣል።

ከኋላ

የፒካፕ የኋላ ክፍል ባብዛኛው በባሌስትራ ላይ የቆመ ነው። ባሌስትራ እንደ ሌሎች የጋራዥ ቃላቶቻችን ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን በጣሊያንኛ ቃሉ የጥንቱን የቀስት መወርወሪያም ያመለክታል። አሠራሩም እንደዚያው ነው፤ የጎበጠ ብረት ሲጫን ይቃናል፣ ሲለቀቅ ይመለሳል። የኋላውን ከፍ ለማድረግ የሚታወቁት መንገዶች የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ. ሙሉ ባሌስትራውን ለዚያ መኪና በተሠራ አዲስ መቀየር። ውዱ መንገድ ይህ ነው፤ የተሻለውም ይኸው ነው።

2ኛ. አንድ ቅጠል መጨመር። ርካሽ ነው፣ ለሚጭን መኪናም ይረዳል። ነገር ግን ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል። ደግሞም ቅጠል ስለተጨመረ የመጫን አቅሙ ጨመረ ማለት አይደለም። አክስሉ፣ ኩሽኔታው፣ ፍሬኑና ሻንሲው ድሮ የነበሩት ናቸው።

3ኛ. በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የብረት ብሎክ ማስገባት። ብሎኩ አንድ ወጥ መሆን አለበት፤ ሁለት ብሎክ መደራረብ ወይም ከቁርጥራጭ ብረት በይዶ መሥራት ክልክል ነው ብለን ብንይዘው ይሻላል። የፊት ባሌስትራ ላይ ደግሞ ብሎክ ፈጽሞ አይገባም፤ ፍሬን ሲያዝ አክስሉ እንዲጠማዘዝ ያደርጋል።

4ኛ. የባሌስትራውን ማንጠልጠያ ማስረዘም። ማንጠልጠያው በ5 ሳ.ሜ ቢረዝም መኪናው የሚነሳው በ2.5 ሳ.ሜ ገደማ ነው፤ የዲፈረንሻሉም አፍንጫ አቅጣጫውን ይቀይራል።

5ኛ. አሮጌውን ባሌስትራ አሙቆ ማጉበጥ። ይህ በብዙ ቦታ የሚሠራ ነው። የባሌስትራ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በተለካ ሙቀትና ማቀዝቀዝ ነው። በከሰል እሳት ወይም በጋዝ ነበልባል በግምት ከተሞቀ ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ወይ ቶሎ ይተኛል ወይ ይሰበራል።

ከፊት

እዚህ ላይ የመኪናውን ትውልድ ማወቅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ቪጎ የሚባለው ሃይሉክስ ከፊት ሞላና ሾክ አብዞርበር በአንድ ላይ አለው። እ.ኤ.አ. በ2002 የጀመረው የመጀመሪያው ዲማክስ ባለ አራት ጎማ ነጂ ግን ከሞላ ይልቅ ቶርሽን ባር የሚባል የሚጠማዘዝ ዘንግ ነው ያለው።

ባለሞላው በረዘመ ወይም በጠነከረ ሞላ ይነሳል፤ አለዚያም ከሞላው ራስ ላይ ስፔሰር ይገባል። ሞላው የተቀመጠው በክንዱ መሃል ላይ ስለሆነ 2.5 ሳ.ሜ ስፔሰር ጎማው ጋ ሲደርስ 5 ሳ.ሜ ያህል ይሆናል። ይህንን ሳያውቁ "5 ሳንቲም ተባልኩ" ብሎ 5 ሳ.ሜ ስፔሰር ማስገባት ክንዱን ከልኩ ያሳልፈዋል። ባለ ቶርሽን ባሩ ደግሞ በአንድ ቡሎን ስለሚነሳ ሥራው በጣም ቀላል ነው፤ ጣጣውም ከዚያ ይመጣል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ዘንጉ አይጠነክርም፤ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ክፍተት ብቻ ይበላል። ከልክ በላይ ከተነሳ መኪናው በየጉድጓዱ ሲወርድ ክንዱ መመከቻ ጎማውን እየመታ "ቋ" ይላል።

በሁለቱም ዓይነት ሲቪ ጆይንቱ የሚሠራበት አንግል ይጨምራል። ላስቲኩ ቶሎ ይቀደዳል፣ የገሰራ ጭቃ ደግሞ የተቀደደ ላስቲክ አይምርም። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነት ፒካፕ ከ4 እስከ 5 ሳ.ሜ በቂ ነው የምንለው ከዚህ የተነሳ ነው።

የአገጣጠም ቅደም ተከተል

መጀመሪያ መለካት ነው። ከጎማው መሃል እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም ማዕዘን፣ በባዶና በተለመደው ጭነት፣ ተለክቶ ይጻፍ። ይህ ወረቀት ከሌለ በኋላ ምን ያህል እንደተነሳ ማንም አያውቅም።

ቀጥሎ መኪናው ደልዳላ ሲሚንቶ ላይ ይቁም፣ የማይነሱት ጎማዎች ይታገዱ፣ ሻንሲውም በጠንካራ የብረት እግር ላይ ይረፍ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ስር አይገባም። የፊት ሞላ በትክክለኛ የሞላ መጭመቂያ ካልሆነ በገመድና በሽቦ አይፈታም፤ ታፍኖ የነበረ ሞላ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል።

ባሌስትራው ሲገባ የመሃሉ ቡሎን ራስ አክስሉ ላይ ካለው ቀዳዳ ውስጥ በትክክል መቀመጡ ይታይ። የዩ ቅርጽ ያላቸው ቡሎኖች አንዴ ከተፈቱ በአዲስ ይተኩ፤ በመስቀል ቅደም ተከተልም በቶርክ ቁልፍ የመኪናው ማኑዋል በሚያዘው መጠን ይጥበቁ። ጎማው ተንጠልጥሎ ሳለ የፍሬን ቱቦውና የኤቢኤስ ገመዱ እንዳይወጠሩ ይረጋገጥ።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። የጎሚኒዎቹ ቡሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ላይ ከቆመ በኋላ ነው። በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ከጠበቀ ጎሚኒው ሁልጊዜ ተጠማዝዞ ይቀመጣል፣ በጥቂት ወራትም ይበጣጠሳል። ሁሉም ቡሎኖች ከ100 ኪ.ሜ በኋላ፣ ከዚያም ከ500 ኪ.ሜ በኋላ እንደገና ይታዩ።

ማስተካከል

ብዙው ሰው እዚህ ላይ "ተነስቷል፣ አበቃ" ብሎ ይሄዳል። ዋናው ሥራ ግን የሚጀምረው አሁን ነው።

ሀ. የጎማ አቀማመጥ። የፊቱ ሲነሳ ቶ፣ ካምበርና ካስተር ሦስቱም ይቀየራሉ። ዊል አላይመንት ካልተሠራ አዲሱ ጎማ በአንድ ጎኑ ይበላል፣ መሪውም ካዞሩት በኋላ በራሱ አይመለስም። አላይመንቱ የሚሠራው ሞላው ትንሽ ከተቀመጠ በኋላ ስለሆነ በመጀመሪያው ሳምንት አንዴ፣ ከወር በኋላ አንዴ ማሳየት ይበጃል።

ለ. ሾክ አብዞርበር። ሾክ የሚሠራው ሞላውን ለመያዝ ነው። የጠነከረ ሞላ ከአሮጌ ሾክ ጋር ከተጋባ መኪናው ይዘላል። ርዝመቱም ከአዲሱ ከፍታ ጋር መስማማት አለበት።

ሐ. ፕሮፔለር ሻፍት። ከ50 እስከ 70 ኪ.ሜ በሰዓት ሲነዳ ወለሉ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ የክሮስ ጆይንቱ አንግል ተዛብቷል። የመሃሉን ኩሽኔታ በልክ ዝቅ ማድረግ ወይም በአክስሉና በባሌስትራው መሃል የተሾለ ንጣፍ ማስገባት ያስተካክለዋል።

መ. መብራት። የፊቱ ከኋላው የበለጠ ከተነሳ መብራቱ የመጪውን ዓይን ይመታል። በሮቤና በጎባ መሃል በምሽት ጋሪ፣ ባጃጅና እግረኛ አብሮ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከሥራው በፊትና በኋላ መኪናውን ከግድግዳ 10 ሜትር አርቆ የመብራቱን ቁመት ምልክት አድርጎ ማወዳደር ግድ ነው።

ሠ. የፍሬን ቫልቭ። ከሁሉም የሚከፋው የዚህ መረሳት ነው። በብዙ ፒካፖች ላይ ከኋላ ከሻንሲው ስር የፍሬን ዘይት የሚያልፍበት ቫልቭ አለ፤ በቀጭን ዘንግ ከአክስሉ ጋር ተያይዟል። መኪናው ሲጫን ሻንሲው ወደ አክስሉ ስለሚጠጋ ዘንጉ ቫልቩን ይገፋል፣ ለኋላ ፍሬን ብዙ ግፊት ይሄዳል። ባዶ ሲሆን ደግሞ የኋላ ጎማ እንዳይቆለፍ ግፊቱን ይቀንሳል። እንግዲህ የኋላውን 5 ሳ.ሜ ስናነሳ ሻንሲውን ከአክስሉ አራቅነው። ቫልቩ ሞላ መቀየሩን አያውቅም፤ "መኪናው ባዶ ነው" ብሎ ያስባል። ካሶኒው ላይ ስንዴ ተጭኖም የኋላውን ፍሬን ይቀንሳል።

ሜዳ ላይ ይህ አይታወቅም። የሚታወቀው ከጎባ ተነስቶ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው ሳነቴ አምባ አልፎ ወደ ሪራና ወደ ሐረና ጫካ ሲወረድ ነው። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ሥራው ሁሉ በፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል። የፊቱ ሸራ ይግላል፣ ይሸታል፣ መያዙም ይደክማል፤ የኋላው ታምቡር ግን ገና ቀዝቃዛ ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የዘንጉ መያዣ አክስሉ በራቀበት ልክ ይራዘማል ወይም ዘንጉ ራሱ በማኑዋሉ መሠረት ይስተካከላል፤ ከተቻለም በግፊት መለኪያ ይረጋገጣል። በኤሌክትሮኒክ መንገድ ፍሬኑን በሚያከፋፍሉ አዳዲስ ሞዴሎች ላይ ግን ይህ ቫልቭ ላይኖር ስለሚችል መጀመሪያ ስር ገብቶ ማየት ያሻል።

ከፍታና መገልበጥ

በፊዚክስ እንደተማርነው መኪና ለመገልበጥ ያለው ዝንባሌ በጎማዎቹ መሃል ባለው ስፋትና በክብደት ማዕከሉ ቁመት ይወሰናል። ለምሳሌ በግራና በቀኝ ጎማ መሃል 1.5 ሜትር፣ የክብደት ማዕከሉ 0.70 ሜትር ላይ ያለ መኪና እንውሰድ። ግማሽ ስፋቱ 0.75 ለቁመቱ ሲካፈል 1.07 ይሆናል። ማዕከሉ በ5 ሳ.ሜ ቢነሳ 0.75 ለ 0.75፣ ማለትም 1.00 ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን መኪናው ለመገልበጥ ይቀርባል። ካሶኒው ላይ ከፍ ተደርጎ ኩንታል ሲደረደርና ከኩንታሉ ላይ ሰው ሲሳፈር ደግሞ ማዕከሉ ይበልጥ ይነሳል። ከፍ ያለ መኪና ጭቃውን ስላለፈ ሰው ይተማመንበታል፤ ኩርባ ላይ ግን ከድሮው ፍጥነት መቀነስ እንጂ መጨመር የለበትም።

ማጠቃለያ

ለማጠቃለል ያህል፣ ፒካፕን ከፍ ማድረግ በአካባቢያችን ቅንጦት አይደለም። በጋናም በቦናም ምርት ወደ ገበያ፣ ሕመምተኛ ወደ ሐኪም ቤት የሚደርስበት መንገድ እንደምናውቀው ነውና። ነገር ግን ለሞላና ለባሌስትራ ገንዘብ ያገኘ ሰው ለአላይመንት፣ ለመብራትና ለፍሬን ቫልቭ የሚሆነውንም አብሮ ይያዝ። ባይበቃው ከፍታውን ይቀንስ እንጂ ማስተካከሉን አይቀንስ። በተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪና ለቦሎ ሲቀርብ የቴክኒክ ምርመራ ስላለበት ሥራው ከመጀመሩ በፊት የትራንስፖርት ጽ/ቤትን መጠየቅም ተገቢ ነው።

እኛ የሙያው ተማሪዎች ደግሞ ነገ ጋራዥ ውስጥ "ከፍ አርግልኝ" የሚል ደንበኛ ሲመጣ ክሪክ ከማንሳታችን በፊት ሦስት ጥያቄ እንጠይቀው፦ የሚመታው የቱ ነው? ምን ያህል ትጭናለህ? ቁልቁለት የምትወርደው የት ነው? የሥራው ልክ የሚታወቀው ከነዚህ መልሶች ነው።