ቤትን ማደስና የመሸጫው ዋጋ

ቤቱን ለመሸጥ ያሰበ ሰው አስቀድሞ ማሳደሱ የተለመደ ነው። ግንበኛ ይጠራል፤ ግድግዳው ይለሰናል፤ ቀለም ይቀባል፤ የግቢው በር ይለወጣል። ይሁን እንጂ ለእድሳት የወጣው ገንዘብ ሁሉ በሽያጭ ጊዜ ተመልሶ አይገኝም። የትኛው ሥራ ዋጋ እንደሚጨምርና የትኛው ወጪ ብቻ ሆኖ እንደሚቀር ቀድሞ ማወቅ ከኪሳራ ያድናል።

በመጀመሪያ የሚሸጠው ነገር ምን እንደ ሆነ መረዳት ይገባል። በኢትዮጵያ የከተማ ቦታ በአዋጅ ቁጥር 47/1967 የመንግሥት ንብረት ሆኗል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥና እንደማይለወጥ ደንግጓል። ነገር ግን ሰው በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በመሬቱ ላይ የሠራው ሕንፃና ያደረገው ቋሚ መሻሻል የራሱ መሆኑን፣ ሊሸጠውም ሊያወርሰውም እንደሚችል ይኸው አንቀጽ አረጋግጧል። እንግዲህ የቦታው አቀማመጥ ዋጋውን ከፍና ዝቅ ማድረጉ ባይቀርም፣ በሕግ የሚሸጠው ቤቱና በእርሱ ላይ የተደረገው መሻሻል ነው።

ከመሻሻልም ሁሉ ቀዳሚው ቤቱን ከውሃ የሚጠብቀው ነው። በብዙ ከተሞች ነባር ሰፈሮች ያሉት ቤቶች ከእንጨትና ከጭቃ የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለው ቤት የሚሞተው ከእግሩ ነው። ከጣሪያ የሚወርደው ዝናብ የግድግዳውን ሥር ሲያርሰው እንጨቱ ይበሰብሳል፤ ምስጥም ይገባበታል። በጭቃው ላይ የሲሚንቶ ልስን ብቻ ቢደረግበት ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን ጭቃው ሲርስና ሲደርቅ ስለሚላወስ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ በስንጥቁ የገባውም ውሃ ከውስጥ ታምቆ ይቀራል።

ለምሳሌ ሁለት ጎረቤቶች እኩል ገንዘብ አወጡ እንበል። አንደኛው የፊቱን ግድግዳ አስለስኖ በመረጠው ደማቅ ቀለም አስቀባ፤ ጌጠኛ የብረት በርም አስገጠመ። ሁለተኛው የበሰበሱትን ቋሚዎች አስለወጠ፤ የግድግዳውን ሥር በድንጋይ አስገነባ፤ አሸንዳ አስገጥሞ የጣሪያውን ውሃ ከቤቱ አራቀ፤ የመጸዳጃ ቤቱንም አሳደሰ። አስተዋይ ገዥ ግንበኛ ይዞ ይመጣል፤ ግንበኛውም የግድግዳውን ሥር በብረት ወጋ ወጋ አድርጎ ይመረምራል። የፊተኛው ቤት ጉድለት ያን ጊዜ ይገለጣል፤ ገዥውም ለጥገናው የሚያወጣውን ከዋጋው ላይ ይቀንሳል። ቀለሙንም ካልወደደው ሌላ ያስቀባል እንጂ ዋጋ አይከፍልበትም።

ውሃ፣ መብራት፣ መጸዳጃና ጭስ የሚወጣበት ማድ ቤት ማንም ገዥ የሚፈልጋቸው ስለ ሆኑ ወጪያቸው አብዛኛውን ጊዜ ከንቱ አይሆንም። በአንጻሩ ከሰፈሩ ቤቶች እጅግ የላቀ ጌጥና ቅንጦት ሻጩ የጠበቀውን ዋጋ አያመጣም፤ ብዙ ገንዘብ ያለው ገዥ ሌላ ሰፈር ይመርጣልና።

ሦስተኛው ነገር ወረቀቱ ነው። ያለ ፈቃድ የተጨመረ ክፍል በማዘጋጃ ቤቱ ፕላንና ሰነድ ላይ አይገኝም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ባለቤትነት የሚተላለፍበት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ለማዋዋል ሥልጣን በተሰጠው ሰው ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። በዚያን ጊዜ ሰነዱና ቤቱ ካልተስማሙ ሽያጩ ሊጓተት ይችላል፤ ገዥውም ክፍሉ እንዳይፈርስበት ስለሚሰጋ ዋጋውን ይቀንሳል ወይም ይተወዋል። ስለዚህ ክፍል ከመጨመር ወይም ግድግዳ ከማፍረስ በፊት ፈቃድ መጠየቅ፣ ሥራው ሲያልቅም ሰነዱን ማስተካከል ይገባል። ፈቃድ የሚሰጠው ሹምም የሚያስፈልገውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ዘርዝሮ ቢነግር ባለቤቱን ከመመላለስ ያድነዋል፤ ተደብቆ የሚሠራውም ይቀንሳል።

እንግዲህ ቤቱን የሚያሳድስ ሰው ገንዘቡን በቅደም ተከተል ያውጣ፦ መጀመሪያ ለመሠረቱና ለጣሪያው፣ ቀጥሎ ለውሃው፣ ለመጸዳጃውና ለማድ ቤቱ፣ ቀለሙ ግን የመጨረሻው ይሁን። ይህን ያደረገ ሰው ቤቱን ቢሸጥ ይጠቀማል፤ ሳይሸጠው ቢቀርም ቤተ ሰቡ በደረቅና በጠና ቤት ይኖርበታል።