ዓባይ በስንት ገጽ ያልቃል?

የስምንት ዓመቷ የእህቴ ልጅ ቅዳሜ ጠዋት ሶፋ ላይ ተቀምጣ አንድ ወንዝ ከምንጩ እስከ ባሕሩ አነበበችልኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። መጽሐፉ «ዊላም» ይባላል፤ በሜልበርን ነባር ሕዝብ፣ በወራንጄሪዎች ቋንቋ «ቤት» ማለት ነው። የወጣው እ.ኤ.አ. በ2019 ሲሆን የጻፉት የወራንጄሪ አረጋዊት ጆይ መርፊና ለወንዙ ጥብቅና የቆመው አንድሩ ኬሊ፣ ሥዕሉን የሠራችው ሊሳ ኬኔዲ ናቸው። ካርታ ያራ የሚለውን፣ ባለቤቶቹ ግን ቢራሩንግ የሚሉትን ወንዝ ከተራራ አንሥተው፣ በከተማው መሐል አሳልፈው ባሕር ያደርሱታል።

እህቴ የምትኖረው ፊትዝሮይ ነው፤ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ተኩል የማይሞላ ሰፈር። በብረንስዊክ ጎዳና ዳር አዘርተን ጋርደንስ የሚባሉ አራት ባለ 20 ፎቅ የመንግሥት ሕንፃዎች ቆመዋል፤ 800 ያህል ቤቶች አሏቸው፤ ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ ብዙ ቤተሰቦች ይኖሩባቸዋል። የእህቴ ቤት 14ኛ ፎቅ ላይ ነው። የመጽሐፉ አሳታሚ ብላክ ዶግ ቡክስም የዎከር ቡክስ አካል ከመሆኑ በፊት ቢሮው እዚሁ ሰፈር፣ ገርትሩድ ጎዳና ላይ ነበር።

«አጎቴ፣ ወንዙ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?»

«242።»

የሥዕል መጽሐፍ የተለመደ ልክ 32 ገጽ ነው። ትልቁ የማተሚያ ወረቀት ሲታጠፍ 16 ገጽ ይወጣዋል፤ ሁለቱ 32 ይሆናል። 242ን ለ32 ስናካፍል ለአንድ ገጽ ሰባት ኪሎ ሜትር ተኩል ደረሰው። ልጅ አንድ ገጽ ባነበበች ቁጥር ጎልማሳ ሰው አንድ ሰዓት ተኩል የሚሄደውን መንገድ ታልፋለች።

«ዓባይስ በስንት ገጽ ያልቃል?»

ከጣና እስከ ካርቱም 1,450 ኪሎ ሜትር ነው። አካፈልን፤ 192 ገጽ ወጣ። ልክ ስድስት መጽሐፍ! 1,450ን እኔም በልጅነቴ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጻፉት፣ ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት፣ አርባ ዓመት ይዤው ዞርኩ። ምን ያህል እንደሆነ ያየሁት ግን ያን ቅዳሜ ነው፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ልጅቷ ሉሏን አመጣች። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር ስለሆነ አንዲት ሚሊ ሜትር 42 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሆናለች። በክር ለካን። ከአዲስ አበባ ሜልበርን በአየር 12,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ክሩ 28 ሴንቲ ሜትር ሆነ፣ ከአንድ ስንዝር ትንሽ የሚተርፍ። ጣና ርዝመቱ 84 ኪሎ ሜትር ነውና ሁለት ሚሊ ሜትር ይደርሰዋል። ከእናቷ ዕቃ ጤፍ ቆንጥረን አመጣን፤ ሁለት ፍሬ ጫፍ ለጫፍ ስንደረድር ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ሞላው። ፊትዝሮይ የፀጉር ውፍረት ግማሽም አይደርስ።

እኔን ያስደነገጠኝ ግን ተራራው ነው። 4,550 ሜትር የሚሆነው ራስ ደጀን በዚያ ሉል ላይ ከፍታው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ብቻ ነው፤ የአንድ ወረቀት ውፍረት። ኤቨረስት ሁለት ወረቀት። ደጀንን የወጣ ሰው በሉሉ ላይ የወጣው የአንዲት ገጽ ጠርዝ ነው! ተራሮቻቸው አብጠው በጣት የሚዳሰሱ የልጆች ሉሎች አሉ፤ ደጀን እነዚያ ላይ ሁለት ሚሊ ሜትር ካበጠ ከፍታው 85 ኪሎ ሜትር ሆነ ማለት ነው። ሠሪዎቹን አልወቅስም። በትክክለኛው ልክ ቢሠሩት የልጅ ጣት ተራራ መኖሩን ሳያውቅ ያልፍ ነበር። ብቻ ስንት እጥፍ እንዳሳበጡት ከሥሩ ቢጽፉላት እወድ ነበር፤ የስምንት ዓመት ልጅ ማካፈል ትችላለች።

ስድስቱ መጽሐፍ ከአእምሮዋ አልወጡም። ገጾቹ በወረቀቱ አንድ ወገን ብቻ ታትመው ቢቀጣጠሉስ? የገጹን ስፋት 25 ሴንቲ ሜትር አልን፤ 192 ገጽ 48 ሜትር ሆነ። ፎቁን 2 ሜትር ከ75 ብንለው ሕንፃው 55 ሜትር ይቆማል። እንግዲህ ጣናን ጣሪያው ላይ አስረን ዓባይን ወደታች ብንለቀው ካርቱም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትውላለች። ቢራሩንግ 8 ሜትር ነው፤ ሦስት ፎቅ አይሞላም። የናይል ርዝመት፣ ከነጭ ዓባይ ራስ ሲቆጠር፣ 6,650 ኪሎ ሜትር ነው። እሱን አባዝተን 220 ሜትር ሲወጣ ሁለታችንም ዝም አልን። አራት ጊዜ 55! አራቱ የአዘርተን ጋርደንስ ሕንፃዎች አንዱ በሌላው ላይ ቢደረደሩ ናይልን ልክ ከላይ እስከ ታች ይይዙታል።

ተነሥታ መስኮቱ ጋ ሄደች። ዓባይ ስንት ኪሎ ሜትር በአገራችን እንደሚሄድ ጠየቀችኝ፤ 800 ያህል አልኳት። ወረቀቷ ላይ አሰላች፦ 106 ገጽ፣ ከጣሪያው 26 ሜትር ተኩል ወደታች፣ 11ኛ ፎቅ።

«እንግዲያስ በእኛ መስኮት ሲያልፍ ገና ኢትዮጵያ ነው» አለች።