ተያዥ ያለው አንቲቫይረስ

አዲስ ላፕቶፕ የገዛ ሰው ኮምፒውተር ያውቃል ለተባለ ዘመዱ መጀመሪያ ከሚያነሳቸው ጥያቄዎች አንዱ «የትኛውን አንቲቫይረስ ልጫን?» የሚል ነው። መልሱ እንደ ዘመዱ ዕድሜ ይለያያል። በፍሎፒ ዲስክ ጊዜ ኮምፒውተር የለመደው ኖርተን ይላል። ከዚያ በኋላ የመጣው ካስፐርስኪ ወይም አቫስት ይልና «ክራኩን እኔ እሰጥሃለሁ» ብሎ ይጨምርበታል። በቅርቡ የተማረው ደግሞ «ምንም አትጫን፣ ከዊንዶውሱ ጋር የመጣው ይበቃሃል» ብሎ ይገላግለዋል። ሁሉም በየዘመናቸው ልክ ነበሩ፤ ዛሬ ለአብዛኛው ሰው ልክ የሆነው የመጨረሻው ነው። የማይበቃበት ሁኔታም ግን አለ፤ እኛ አገር ደግሞ ይህ ሁኔታ የማይገኝበት ቤት ጥቂት ነው።

ነገሩ የጀመረው በመቅዳት ነው። በ1986 (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ባሲትና አምጃድ ፋሩቅ አልቪ የተባሉ የላሆር፣ ፓኪስታን ወንድማማቾች የሠሩት የሕክምና ሶፍትዌር ያለ ፈቃድ እየተቀዳ ስላስቸገራቸው፣ ቀጂዎቹን ይቀጣልናል ያሉትን ፕሮግራም ጻፉ። ውስጡ ስማቸውን፣ አድራሻቸውንና ስልክ ቁጥራቸውን ሳይቀር አስቀመጡ። «ብሬይን» የተባለው ይህ ቫይረስ ከፍሎፒ ወደ ፍሎፒ እየተላለፈ ዓለምን ሲዞር፣ ወንድማማቾቹ ከማያውቁት አገር ስልክ ይደወልላቸው ጀመር። በዓመቱ ጆን ማካፊ አሜሪካ ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ አቋቋመ። በ1988 ደግሞ የቼኮዝሎቫኪያው ፓቬል ባውዲሽ ፍሎፒ ላይ ያገኘውን «ቪየና» የተባለ ቫይረስ የሚያጠፋ ፕሮግራም ጻፈ፤ አቫስት የተወለደው ከዚያ ነው።

የያኔው ዘዴ ዛሬም አልቀረም። እያንዳንዱ ቫይረስ የሚለይበት የኮድ ቅንጣቢ አለው። ኩባንያው ያንን እየመዘገበ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ፕሮግራም የሚከፈተውን ፋይል ሁሉ ከመዝገቡ ጋር ያመሳክራል። አፕዴት ያልተደረገ አንቲቫይረስ ብዙም አይረባም የሚባለው መዝገቡ ስለሚያረጅ ነው። ነገር ግን አዲስ ቫይረስ የሚወጣበት ፍጥነት ለመዝገብ አልመች ስላለ ሌሎች ሁለት ዘዴዎች ተጨመሩ። አንዱ ጠባይ መከታተል ነው፦ አንድ ፕሮግራም ፎቶዎችን በመቶዎች እየከፈተ በማይነበብ መልክ መልሶ መጻፍ ከጀመረ፣ መዝገቡ ላይ ኖረም አልኖረም፣ አንቲቫይረሱ ሊያስቆመው ይነሳል። ሌላው በኢንተርኔት መጠየቅ ነው። አጠራጣሪ ፋይል ሲያጋጥመው የኩባንያውን ማሽን «ይህን ታውቀዋለህ?» ብሎ በቅጽበት ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ እንዲሄድ ኮምፒውተሩ መስመር ላይ መሆን እንዳለበት ልብ ይሏል፤ እመለስበታለሁ።

አንቲቫይረሱ ነቅቶ እንደሆነ ማየት የፈለገ ሰው ደግሞ «ኢካር» የሚባል መሞከሪያ አለለት። ማንንም የማይጎዳ፣ 68 ፊደላትና ምልክቶች ብቻ ያሉት አንድ መስመር ጽሑፍ ነው። የአንቲቫይረስ ኩባንያዎች ይህን ጽሑፍ እንደ ቫይረስ ሊይዙት ተስማምተዋል። ኖትፓድ ላይ ገልብጦ ሴቭ ሲደረግ ማስጠንቀቂያ ካልመጣ ችግር አለ ማለት ነው።

አሁን ወደ ምርጫው። አንቲቫይረስ እንደ ሙዚቃ ማጫወቻ ወይም እንደ ካልኩሌተር ተራ ፕሮግራም አይደለም። ማንኛውንም ፋይል ይከፍታል፣ የምንጎበኘውን ድረ ገጽ ያያል፣ ያልወደደውን ያጠፋል። ቤት ዘበኛ ስንቀጥር ተያዥ አምጣ እንላለን፤ ኮምፒውተራችን ውስጥ ይህን ሁሉ ሥልጣን ለምንሰጠው ፕሮግራም ግን ማን ነህ የሚለው የለም። መጠየቅ ይገባ እንደነበር የአቫስት ታሪክ ይመሰክራል። በ2020 መጀመሪያ ላይ፣ ኩባንያው በነጻ የሚያድለው አንቲቫይረስ የተጠቃሚዎችን የድረ ገጽ ጉብኝት እየሰበሰበ «ጃምፕሾት» በተባለ እህት ድርጅት በኩል ይሸጥ እንደነበር ጋዜጠኞች አጋለጡ። ጃምፕሾት ወዲያው ተዘጋ። በ2024 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አቫስትን 16.5 ሚሊዮን ዶላር አስከፈለው። በገንዘብ የሚሸጠውም ቢሆን ከነገር አልጸዳም፦ ኖርተን በ2021 ክሪፕቶ ገንዘብ «የሚቆፍር» ፕሮግራም ከአንቲቫይረሱ ጋር አብሮ ማቅረብ ጀመረ። ተጠቃሚው ካልፈቀደ አይሠራም ነበር፤ ከፈቀደ ግን ኩባንያው ከገቢው 15 በመቶ ይወስድ ነበር። ኖርተን፣ አቫስት፣ ኤቪጂና አቪራ ዛሬ «ጄን ዲጂታል» የሚባል የአንድ ኩባንያ ንብረት መሆናቸውን ስንቶቻችን እናውቃለን? አራቱን አማርጦ አንዱን የመረጠ ሰው የመረጠው ያው አንዱን ባለቤት ነው።

የካስፐርስኪ ጉዳይ ከዚህ ይለያል። ቫይረስ በመያዝ ከቀዳሚዎቹ ተርታ የማይጠፋ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ግን ኩባንያው የሩሲያ በመሆኑ ሞስኮ ልታዘው ትችላለች በሚል ስጋት፣ ኩባንያው ቢያስተባብልም፣ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ አገሩ ውስጥ አዲስ ሽያጭ ከለከለ፤ በመስከረም መጨረሻም አፕዴቱ እንዲቆም አደረገ። በዚያው ወር አሜሪካ ያሉ ብዙ ደንበኞች ኮምፒውተራቸውን ሲከፍቱ ካስፐርስኪው ጠፍቶ «አልትራኤቪ» የሚባል የማያውቁት ፕሮግራም ራሱን ጭኖ ጠበቃቸው። ፖለቲካውን እንተወው። ለእኔ የሚያስደነግጠው፣ አንቲቫይረስ ባለቤቱን ሳይጠይቅ ራሱን አውጥቶ ሌላውን የማስገባት ሥልጣን እንዳለው በአደባባይ መታየቱ ነው።

ተያዥ የሚሆኑ አሉ። ጀርመን ማግደቡርግ ያለው «ኤቪ-ቴስት» እና ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ያለው «ኤቪ-ኮምፓራቲቭስ» አንቲቫይረሶችን በየጊዜው እየፈተኑ ውጤቱን በነጻ ያወጣሉ። ማግደቡርጎች የሚያርሙት ከ18 ነው፦ 6 ለመከላከል፣ 6 ኮምፒውተሩን ላለማንቀራፈፍ፣ 6 ደግሞ ጤነኛውን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ላለመወንጀል። ማስታወቂያ የሚናገረው ስለ መጀመሪያው ብቻ ነው። የ4 ጊጋባይት ራም አሮጌ ላፕቶፕ ላለው ሰው ግን ሁለተኛው እኩል ያሳስበዋል፤ ቫይረሱን ይዞ ኮምፒውተሩን የማያላውስ አንቲቫይረስ በሳምንቱ መጥፋቱ አይቀርም።

ከ2012ቱ ዊንዶውስ 8 ጀምሮ አብሮ የሚመጣው ዲፌንደር በጅምሩ መሳለቂያ ነበር፤ በእነዚህ ፈተናዎች ከመጨረሻዎቹ ተርታ ይገኝ ነበር። ባለፉት ዓመታት ግን ማግደቡርግ ላይ ደጋግሞ 18 ከ18 አግኝቷል። ክፍያ አይጠይቅም፣ «ፕሪሚየሙን ግዛ» እያለ አይጨቀጭቅም። ሌላ አንቲቫይረስ ሲጫን ደግሞ ራሱን ገለል ያደርጋል፤ ሁለቱ አይጋጩም። አደጋው፣ ከላፕቶፑ ጋር በሙከራ የመጣው ሌላ አንቲቫይረስ ጊዜው ሲያልቅ ነው። ባለቤቱ ተጠብቄያለሁ ይላል፣ ጠባቂው ግን ሥራ አቁሞ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን አራግፎ ማውጣት ነው።

ዲፌንደር የሚደክመው ኢንተርኔት ሲጠፋ ነው። ኢንስብሩኮች መስመር ላይ ሆኖና ከመስመር ወጥቶ የሚይዘውን ለየብቻ ይለካሉ፤ ዲፌንደር ከመስመር ሲወጣ ከብዙ ተፎካካሪዎቹ በታች ይወርዳል። ዋይፋይ ሁልጊዜ ላለው ቤት ይህ ቁም ነገር አይደለም። በሞባይል ዳታ እየቆጠበ አልፎ አልፎ ለሚገናኝ፣ ቀሪውን ሁሉ በፍላሽ ለሚያመላልስ ተማሪ ግን ዋናው ጉዳይ ነው።

ፍላሹን ቀረብ ብለን እንየው። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያሳትም ጽሕፈት ቤት የገባ ተማሪ ፍላሹን ከመቶ ሰው ፍላሽ ጋር በዋለ ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ቤቱ መልሶ ሲከፍተው ፎልደሮቹ አሉ፣ ስማቸውም ያው ነው፤ ጥጋቸው ላይ ግን ትንሽ ቀስት አለች፣ መጠናቸውም 1 ወይም 2 ኪሎባይት ሆኗል። ሾርትከት ቫይረስ የምንለው ይህ ነው። እውነተኞቹ ፎልደሮች አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው በየስማቸው የሐሰት ምልክት ተክሏል። ተማሪው ሲጫነው ፎልደሩም ይከፈታል፣ ቫይረሱም ይነሳል፤ ፎልደሩ መከፈቱ ጥርጣሬውን ያጠፋለታል። ከዚያ አንቲቫይረስ ሲያስሮጥ ቀስተኞቹ ምልክቶች ተጠርገው ፍላሹ ባዶ መስሎ ይታያል። «አንቲቫይረሱ ፋይሌን በላው!» የሚለው ለቅሶ የሚሰማው እዚህ ላይ ነው፤ ስንቱ ተስፋ ቆርጦ ፍላሹን ፎርማት አድርጓል። መድኃኒቱ ቀላል ነው። ስካኑ ካለቀ በኋላ በፎልደሩ «ቪው» ውስጥ «ሂደን አይተምስ» የሚለውን ማብራት፤ ካልታየ በ«ኦፕሽንስ» ገብቶ የሲስተም ፋይሎችን ደብቅ የሚለውን ምልክት ማንሳት። ጽሑፉ እዚያው ይገኛል።

ኢንተርኔት አልፎ አልፎ ብቻ ለሚያገኝ ቤት ሁለት መንገድ አለ። አንዱ፣ ከመስመር ውጭም በደንብ የሚይዝ አንቲቫይረስ፣ ለምሳሌ የቢትዲፌንደርን ነጻ ስሪት፣ መጫን። ሌላው ከዲፌንደር ጋር ቀጥሎ መዝገቡን ማደስ ነው። ማይክሮሶፍት መዝገቡን ለብቻው በአንድ ፋይል ስለሚያቀርብ፣ ፈጣን ኢንተርኔት ካለበት መሥሪያ ቤት ወይም ግቢ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ፋይሉ ከ100 ሜጋባይት በላይ መሆኑን አይርሱ።

ክራክ የተደረገን አንቲቫይረስ በተመለከተ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ አይጫንም። ቴሌግራም ላይ የሚታደለው ክራክ ሁሉ ማለት ይቻላል «መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉ» ከሚል መመሪያ ጋር ይመጣል። ጠባቂህን አስወጣና እኔን አስገባ የሚል እንግዳ ምን እንደያዘ ማወቅ አያዳግትም። ነጻና ሕጋዊ የሆነው እያለ ለዚህ መጋለጥ ትርፍ የለውም።

አንቲቫይረስ የዊንዶውስን አፕዴት አይተካም። ግንቦት 12 ቀን 2017 ከ150 በላይ አገሮችን ያዳረሰው «ዋናክራይ» የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት የደፈነው በዚያው ዓመት መጋቢት 14 ነበር። ሁለት ወር ለሚጠጋ ጊዜ አፕዴቱ ተቀምጦ ሳለ ነው የብዙዎች ፋይል የተቆለፈው። ዊንዶውስ 10 ደግሞ ጥቅምት 14 ቀን 2025 መደበኛ ድጋፉ አብቅቷል። ወደ 11 መሻገር ለማይችል ኮምፒውተር እስከ ጥቅምት 2026 የሚያቆይ የተራዘመ አፕዴት አለ፤ መመዝገብ ግን ያስፈልጋል።

መክፈል ለማን ይገባል? የልጆችን አጠቃቀም መቆጣጠር ለሚፈልግ፣ አምስት ስድስት መሣሪያ በአንድ ላይሰንስ ለሚይዝ ቤተሰብ፣ ያገኙትን ሊንክ ሁሉ ለሚጫኑ ወላጆች። የመጀመሪያው ዓመት ዋጋ ማባበያ ነው፤ በሁለተኛው ዓመት ሳይጠይቅ ከካርድ ላይ የሚቆረጠው እጥፍ ሊሆን ይችላል። የኒውዮርክ አቃቤ ሕግ በዚሁ ራስ በራስ ማደስ ጉዳይ ማካፊንና የያኔውን የኖርተን ባለቤት ሲማንቴክን በ2009 እያንዳንዳቸውን 375,000 ዶላር አስከፍሏቸዋል። ልማዱ ግን አልቀረም። ሲገዙ የማደሻውን ዋጋ ይመልከቱ፣ ራስ በራስ ማደሱንም በዚያው ቀን ያጥፉ። «ኮምፒውተርዎ በቫይረስ ተይዟል፣ በዚህ ስልክ ይደውሉ» የሚል ማስታወቂያ ስክሪኑን ሲሞላው ደግሞ አይደውሉ፤ አሜሪካና አውሮፓ ያሉ እናት አባትዎንም ያስጠንቅቁ። እውነተኛ አንቲቫይረስ በስልክ አይጣራም።

ዛሬ ማታ ኮምፒውተሩን ሲከፍቱ «ዊንዶውስ ሴኩሪቲ» ውስጥ ይግቡና መዝገቡ ለመጨረሻ ጊዜ የታደሰበትን ቀን ይዩ። ሳምንት ካለፈው ያድሱት። የልጆችዎን ፎቶና የሥራ ሰነዶችዎን ደግሞ ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ይገልብጡና ዲስኩን ከኮምፒውተሩ ነቅለው ያስቀምጡ።