ሰጥታ የምትቀበል ፕላኔት

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. አፋር ውስጥ የሚገኘው የሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። አመዱ በአፍዴራ ዙሪያ የግጦሹን ሣር ሸፈነው፤ ቀይ ባሕርን ተሻግሮም የመንንና ኦማንን አልፎ እስከ ሕንድ ሰማይ ዘለቀ። የአርብቶ አደሩ ጭንቀት ከብቶቹ ምን ይበላሉ የሚል ነበር። አመዱን ሽቅብ የገፋው ግን ጋዝ ነው፤ ቅልጥ ዐለቱ ውስጥ ሟሙቶ የኖረ ውኃ፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና የድኝ ጋዝ። ቅልጥ ዐለቱ ወደ ላይ በቀረበ መጠን ጫናው ይቀልለታል፤ ጋዙም አረፋ እየሠራ ይወጣል።

የጥንቱ የምድር ከባቢ አየር የተገነባው እንዲህ ከመሬት ሆድ በወጣ ጋዝ ነው። ኦክስጅኑን በኋላ ሕያዋን ጨመሩበት። አንድ ፕላኔት መኖሪያ ሆና እንድትዘልቅ ግን የሰጠችውን መልሳ መቀበል አለባት።

መቀበያው መንገድ ዝናብ ነው። የዝናብ ጠብታ ከአየሩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ቀላል አሲድ ይሆናል፤ ዐለቱን ቀስ በቀስ ያሟሟል። ከዐለቱ የወጣው ካልሲየም በወንዝ ባሕር ገብቶ ከካርቦኑ ጋር የኖራ ድንጋይ ይሆናል። የባሕር ወለል ከአህጉራት ሥር ሲሰምጥ የካርቦኑ ከፊል ወደ ጥልቁ ይመለሳል፤ አንድ ቀንም በእሳተ ገሞራ ይወጣል።

ጄምስ ዎከር፣ ፖል ሄይስና ጄምስ ካስቲንግ እ.ኤ.አ. በ1981 እንዳስረዱት፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሙቀትን አምቆ ስለሚይዝ ይህ ዑደት የምድርን ሙቀት ይቆጣጠራል። ሲሞቅ ዝናቡም የዐለቱ መሟሟትም ይበረታል፤ ካርቦኑ ይቀንሳል። ሲቀዘቅዝ መቀበያው ይዳከማል፤ እሳተ ገሞራው ግን አያቋርጥም። ከ700 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ምድር በበረዶ ስትሸፈን፣ በረዶውን በመጨረሻ ያቀለጠው እየተጠራቀመ የሄደው ይኸው ጋዝ እንደሆነ ይታመናል።

ጎረቤቶቻችን የተለየ ዕጣ ገጥሟቸዋል። ቬኑስ በመጠን የምድር አቻ ናት ማለት ይቻላል፤ ውኃ ስለሌላት ግን የወጣው ጋዝ የሚመለስበት መንገድ የላትም። አየሯ 96 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ጫናው ከእኛ ከ90 እጥፍ ይበልጣል፤ ሙቀቷ 460 ዲግሪ ሴልሺየስ ይደርሳል። ማርስ ደግሞ በትንሽነቷ ቶሎ በረደች። መግነጢሳዊ ጋሻዋ ከጠፋ 4 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኖታል። የአየሯን ብዙውን ክፍል ሕዋ ወሰደው፤ ከውስጧ የሚወጣው ጋዝም የጎደለውን አልተካም። ዛሬ የአየሯ ጫና ከምድር አንድ በመቶ እንኳ አይሞላም።

ስለዚህ በሌሎች ከዋክብት ዙሪያ መኖሪያ ለሚፈልጉ ተመራማሪዎች የፕላኔቷ ከኮከቧ መራቅና መቅረብ ብቻ ማስረጃ አይሆንም። ሆዷ ሕያው መሆኑም መታወቅ አለበት።

የምድርን የካርቦን ክምችት ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በአባይና በሙገር ሸለቆዎች የሚታየው የኖራ ድንጋይ በጁራሲክ ዘመን ባሕር ሥር የተከማቸ ካርቦን ነው። ለሲሚንቶ ተብሎ በምድጃ ሲቃጠል፣ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በላይ ታሽጎ የኖረው ጋዝ ወዲያው ይለቀቃል። የዓለም እሳተ ገሞራዎች በዓመት የሚያወጡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከግማሽ ቢሊዮን ቶን በታች እንደሆነ ይገመታል፤ የሰው ልጅ ግን ከ35 ቢሊዮን ቶን በላይ ያወጣል። ዝናብና ዐለት ይህንን ጨርሰው ለመመለስ በመቶ ሺህ የሚቆጠሩ ዓመታት ይፈጅባቸዋል። ምድር ሚዛኗን መመለሷ አይቀርም፤ እኛን ግን አትጠብቅም።