አህያ መቁጠር ቀላል ነው ያለው ማነው?

ዛሬ በሳይንስ ዓምዳችን ስለ አህያ ቆጠራ ይዤ ቀርቤያለሁ። አትሳቁ እንጂ! እስከ መጨረሻው አንብቡት።

የሳይንስ መምህራችን ተመራማሪዎች በረሃ ወርደው የዱር እንስሳት እንደሚቆጥሩ ሲነግሩን፣ እኔ እጄን አውጥቼ «መቁጠር ደግሞ ምን ይከብዳል?» አልኩ። «እስቲ ሞክሪው» አሉኝ። ቅዳሜ ጠዋት እዚሁ መካኒሳ አቦ፣ ሰፈራችን ካለው ወፍጮ ቤት ፊት ለፊት ደብተሬን ይዤ ቁጭ አልኩ። እህል ጭነው የሚመጡትን አህዮች ቆጥሬ 17 ብዬ ጻፍኩ። አህዮቹን የሚነዱት ሰውዬ ሳቁና «የኔ ልጅ፣ ያቺን ጆሮዋ የተቀደደውን ስንቴ ቆጠርሻት? ዛሬ ሦስቴ ተመላልሳለች» አሉኝ። በቃ ተሸወድኩ! አብረን አንድ በአንድ ስናጣራ 9 ብቻ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ለማዳ አህዮች ሁሉ የመጡት ከአፍሪካ የዱር አህያ ነው። የእኛ አገሩ የዱር አህያ ሰውነቱ ግራጫ፣ ሆዱ ነጭ ሲሆን እግሩ ላይ እንደ ሜዳ አህያ ጥቁር መስመር አለው። የሚኖረው በአፋር ክልል ነው፤ ለምሳሌ ሰርዶ አካባቢ። በኤርትራም አለ። ኢትዮጵያ በለማዳ አህያ ብዛት በዓለም ከቀዳሚዎቹ አገሮች አንዷ ናት። የዱሮቹ ግን ለአካለ መጠን የደረሱት በዓለም ላይ ቢበዛ 200 ገደማ እንደሆኑ ተገምቷል። ታዲያ እንዴት ይቆጠራሉ?

አንደኛ፣ በእግር ይኬዳል። እዚያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ያልፋል። ኮረብታውና ተራራው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ስለሆነ መኪና ብዙ ቦታ አይገባም። ውሃ ተይዞ፣ አገሩን በሚያውቅ አርብቶ አደር ተመርቶ ነው የሚኬደው። ፀሐይ ሳይበረታ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ተቀምጦ በሩቅ ማሳያ መነጽር ይቃኛል። ግራጫ እንስሳ ድንጋይ መሀል ሲቆም በቀላሉ አይለይም።

ሁለተኛ፣ ዱካ ይፈለጋል። እንስሳው ባይታይ ኮቴውና ፋንድያው ይታያል። ግን የለማዳ አህያም ሊሆን ስለሚችል ፋንድያው ላብራቶሪ ገብቶ ዘረመሉ ሊመረመር ይችላል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ይለያል። የእግራቸው መስመር ልክ እንደ እኛ የጣት አሻራ ይለያያል። ስለዚህ ፎቶ ተነስቶ ይመዘገባል። እኔም የጆሮዋን ምልክት ቀድሜ ጽፌ ቢሆን ኖሮ አልሸወድም ነበር።

አራተኛ፣ ዜሮም ይጻፋል። ቀኑን ሙሉ ተዙሮ አንድም ካልታየ «አልታየም» ተብሎ ቦታውና ሰዓቱ ይመዘገባል። ዝም ከተባለ የተፈለገበትና ያልተፈለገበት ቦታ አይለይም።

ይሄ ሁሉ ልፋት ለምን? የእኔን 17 አስታውሱ። በረሃ ላይ 9 የሆነው 17 ተብሎ ቢጻፍ «ደህና ናቸው» ተብሎ ዝም ይባላል። እነሱ ግን ለሥጋና ለመድኃኒት ይታደናሉ፤ ከከብት ጋር በውሃና በግጦሽ ይሻማሉ፤ ከለማዳ አህያም ጋር ሊዳቀሉ ይችላሉ። እናቲቱ የምትወልደው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ውርንጭላ ስለሆነ የጎደለው ቶሎ አይተካም። ድርቅ ሲመጣ ደግሞ አርብቶ አደሩም ለከብቱ ውሃ ይፈልጋል። ስለዚህ ከእሱ ጋር ሳይመካከሩ እንስሳውን መጠበቅ የሚቻል አይመስለኝም።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልበል። ክፍል ውስጥ ልጅ ሲሳሳት «አንተ አህያ!» የምትሉ አላችሁ። አህያ በዚያ በረሃ መኖር የቻለ እንስሳ ዘር ነው። ደግሞም ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፤ አህያዋማ ሥራዋን በትክክል ስትሠራ ነበር።

ቸር ሰንብቱ!

ከ7ኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል