የድንጋይ ካባው ሙዚየም ቢሆንስ? እሳተ ገሞራ በሠራው ምድር ላይ ማዕከል እንዴት ይነደፋል

ከአዲስ አበባ ወደ ሰበታ ስትወጡ በስተቀኝ የሚታያችሁ ትልቅ ተራራ ወጨጫ ይባላል። ከፍታው ከ3,300 ሜትር ይበልጣል። በስተግራ ያለው ፉሪ ነው። ሁለቱም ከጥቂት ሚሊዮን ዓመታት በፊት ይፈነዱ የነበሩ፣ ዛሬ ግን የጠፉ እሳተ ገሞራዎች ናቸው። ሱሉልታን ከአዲስ አበባ የሚለየውና በምዕራብ ወደ ቡራዩ የሚወርደው የእንጦጦ ሰንሰለት ደግሞ የእነሱ ታላቅ ነው። ዕድሜው ወደ 20 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።

አሁን አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ከእነዚህ ሦስት ከተሞች በአንዱ ማዕከል ንደፉ ተባላችሁ እንበል። እንግዳ መጥቶ ስለ እሳተ ገሞራ የሚማርበት፣ የአካባቢው ሰው ደግሞ የሚሰበሰብበትና የሚገለገልበት ማዕከል ነው። ከምን ትጀምራላችሁ? ብዙ ሰው ከሕንፃው መልክ ይጀምራል። መሐንዲስ ግን መጀመሪያ የሚያየው መሬቱን ነው።

ጥቁሩ አፈር ለምን ያስቸግራል?

ባዛልት የተባለው ጥቁር ድንጋይ ለረጅም ዘመን ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቁበት ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣል። ውሃ እንደልብ በማይወርድበት ሜዳማ ቦታ፣ ለምሳሌ በሱሉልታ ሜዳ፣ የሚፈጠረው ጥቁር አፈር ስሜክታይት የሚባሉ ማዕድናት በብዛት ይኖሩታል። እነዚህ ማዕድናት እንደ መጽሐፍ ገጾች በተደራረቡ ስስ ሽፋኖች የተሠሩ ናቸው። ውሃ በገጾቹ መካከል ሲገባ አፈሩ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያያችሁት ለዚህ ነው።

የሚገርመው ነገር፣ ይህ አፈር ይበልጥ የሚጎዳው ቀላሉን ቤት ነው። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ እብጠቱን ሊጫነው ይችላል። ባለ አንድ ፎቅ ቤት ግን በየክረምቱ ከፍ፣ በየበጋው ዝቅ ይላል፤ ግድግዳውም ይሰነጠቃል።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። ደርቆ የተፈጨ ጥቁር አፈር በአንድ ብርጭቆ፣ አሸዋ በሌላው እስከ እኩሌታው ሙሉ። ከፍታውን በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ቀስ ብላችሁ ውሃ ጨምሩና በማግስቱ እዩት። አሸዋው እዚያው ነው፤ ጥቁሩ አፈር ግን ምልክቱን አልፎ ታገኙታላችሁ።

መፍትሔው አፈሩን አውጥቶ በተመረጠ ሙሌት መተካት ወይም መሠረቱን እስከ አለቱ ማውረድ ነው። ሁለቱም ገንዘብ ይጠይቃሉ። ደግሞም ያ ጥቁር አፈር ጤፍና ስንዴ የሚያበቅል የገበሬ ማሳ ነው። ታዲያ ለምን እዚያ እንሠራለን?

የተቆረጠ ተራራ፣ የተከፈተ መጽሐፍ

እኔ የምመርጠው ሥራ ያቆመ የድንጋይ ካባ ነው። በእነዚህ ከተሞች ዙሪያ ለግንባታ ድንጋይ ሲባል የተቆረጡ ኮረብታዎች አሉ። ካባው ሲተው ጉድጓዱ ክፍቱን ይቀራል፤ ክረምት ላይ ውሃ ቋጥሮ ለሕፃናት አደጋ ይሆናል።

ለማዕከል ግን ሦስት ነገር ያስገኛል። አንደኛ፣ መሠረቱ በቀጥታ አለት ላይ ያርፋል። ሁለተኛ፣ የማንም ማሳ አይነካም። ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው፤ የተቆረጠው ግድግዳ ራሱ ኤግዚቢሽን ይሆናል። በሁለት የባዛልት ንብርብሮች መካከል ቀይ መስመር ካያችሁ፣ አንዱ ቅልጥ አለት ቀዝቅዞ ላዩ ላይ አፈር እስኪፈጠር ረጅም ጊዜ አልፏል፤ ከዚያ ሌላ ቅልጥ አለት መጥቶ አፈሩን እንደ ሸክላ ጠብሶታል ማለት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚያህል ፖስተር የትም አታገኙም።

ጥንቃቄ ግን ይፈልጋል። ሕንፃውን ከገደሉ ሥር መለጠፍ አይቻልም፤ የላላ ድንጋይ መውረድ አለበት፣ የክረምቱ ውሃ መውጫ ቦይ ያስፈልገዋል። ገደል አፋፍ ላይ መሥራትም የራሱ ጣጣ አለው። በሃዋይ በኪላዌያ እሳተ ገሞራ አፋፍ ላይ የነበረው የጃጋር ሙዚየም በ2018 እ.ኤ.አ. ምድሩ ሲናወጥና አፋፉ ሲደረመስ ተጎድቶ ተዘግቷል፤ በኋላም ፈርሷል። ወጨጫ እንደ ኪላዌያ ሕያው አይደለም። ሆኖም ስምጥ ሸለቆው ጎረቤታችን ነው። በ2017 ዓ.ም. ከአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የተነሳው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ መሰማቱን ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ የድንጋይ ግንብ ከተሠራ ዙሪያውን በብረት በተጠናከረ የኮንክሪት ቢም እንደ መቀነት መታሰር አለበት።

እሳተ ገሞራው በሲሚንቶ ከረጢት ውስጥ

ዕቃውስ ከየት ይምጣ? አብዛኛው እሳተ ገሞራ ያዘጋጀው ነው። የምትረግጡት ኮብልስቶን ባዛልት ነው። ለሙሌት የሚደፋው ሬድ አሽ ከእሳተ ገሞራ አፍ በጋዝ ተሞልቶ የተረጨ ድንጋይ ነው። ቀላል ብሎኬት የሚሠራበት ፑሚስም እንደዚያው። ፒፒሲ የሚል ጽሑፍ ያለበት የሲሚንቶ ከረጢት ስታዩ ደግሞ፣ አገራችን ውስጥ ብዙውን ጊዜ የተፈጨ ፑሚስ እንደተቀላቀለበት አስታውሱ። ይህ የሲሚንቶውን ክሊንከር ስለሚቀንስ ነዳጅ ይቆጥባል።

ውሃው የሁሉም ነው

በእነዚህ ከተሞች የታሸገ ውሃ ፋብሪካዎች የበዙት በአጋጣሚ አይደለም። ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ በተሰነጠቀው አለት ውስጥ ሰርጎ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ግን ውሃ ያለፈበት ስንጥቅ ቆሻሻም ያሳልፋል። ያልተለሰነ የሽንት ቤት ጉድጓድ አለት ላይ ቆፍራችሁ በቀን 300 ሰው ብታስተናግዱ፣ ታች ያለው መንደር ምንጩን ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ ጉድጓዱ ውሃ የማያሳልፍ፣ በመኪና የሚመጠጥ፣ ከምንጭ የራቀ መሆን አለበት። በጀት ሲያጥር ቀድሞ የሚሰረዘው ይህ ነው፤ መሰረዝ የሌለበትም ይህ ነው።

ማዕከሉ የራሱን ውሃ ከጣሪያው ማግኘት ይችላል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው። በአካባቢው በዓመት ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። 200 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ በ1,000 ሚሊ ሜትር ብናሰላው 200,000 ሊትር ይሰጣል። አንድ አምስተኛው ይባክናል ብንል እንኳ 160,000 ሊትር ይቀራል፤ ባለ 20 ሊትር 8,000 ጀሪካን ማለት ነው። አብዛኛው በክረምት ስለሚወርድ ቁም ነገሩ ያለው በአሸንዳውና በታንከሩ ትልቅነት ላይ ነው።

እንግዳ በማይመጣበት ቀን

ከሰበታ አጠገብ ከዓለም ገና ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ መልካ ቁንጡሬ ይገኛል። በ2024 እ.ኤ.አ. ከባልጩት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጥንታውያን ሰዎች እዚያ ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንኳ በባልጩት፣ ማለትም በእሳተ ገሞራ መስታወት፣ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ሙዚየሙ አንድ ግዙፍ ሕንፃ ሳይሆን ክብ ክብ ጎጆዎች ናቸው፤ ቁፋሮው የተካሄደበት ቦታም ጥላ ተሠርቶለት እዚያው ይጎበኛል። ትምህርቱ ግልጽ ነው፦ ትንሽ ሥሩ፣ ቦታው ራሱ ይናገር።

ለእኛ ማዕከል ግን አንድ ጥያቄ እጨምራለሁ። ሐምሌ ላይ ጭቃው እንግዳ ሲያስቀር አዳራሹ ምን ይሠራል? መልሱ «ይቆለፋል» ከሆነ ንድፉ አላለቀም። ያው አዳራሽ እሑድ ለእድር ስብሰባ፣ ከሰዓት ለተማሪዎች ማጥኛ፣ በገበያ ቀን በረንዳው ለማርና ለአትክልት ሻጮች መሆን ይችላል። ይህ ከመጀመሪያው ካልታሰበ በኋላ አይጨመርም፤ በሩ በየት በኩል ይከፈት፣ ውሃው በአጥሩ ውስጥ ይሁን በውጭ የሚሉት ከዚሁ ይወሰናሉ። እኔ ቧንቧውን በውጭ በኩል አደርገው ነበር። እናንተስ? በሰፈራችሁ የተተወ ካባ ካለ ከሩቅ ሆናችሁ ንብርብሩን ሣሉት፤ ከዚያ ንድፋችሁን ጀምሩ።